ከጊሽጣው ሥር የወጣው

ራናይቮ ከዋና ከተማ መጥቶ «የእሳት ራት ነው የምፈልገው» ሲል በመንደራችን ያመነው ሰው አልነበረም። እኔም አላመንኩትም። አጥንት ከመቃብር ሰርቀው የሚሸጡ እንዳሉ እንሰማለን። እሱ ደግሞ አካፋ ይዞ በአባቶቻችን መቃብር አጠገብ ወዳለው የዱር ጊሽጣ ይመላለሳል። መንገድ የምትመራው ልጄ ሶአዛራ ናት። መቃብር የደፈረ ሰው ሲሞት ከዘመዶቹ ጋር አይቀበርም።

«አፈሩን ትነኪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ እማዬ፣ እኔ ሣጥኑን ብቻ ነው የምይዘው።»

አንድ ቀን ሽማግሌው አባባ ቤዛፊ ሁለቱንም መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም ሮጬ ደረስኩ። ሣጥኑ ሲከፈት እርጥብ አፈር ላይ ጣት የሚያህል ቡናማ ነገር ተኝቷል።

«ይኸው፣ ጣት» አሉ አባባ ቤዛፊ። «የማን ነው?»

ነገሩ ጫፉን ወዘወዘ። ሽማግሌው ባርኔጣቸው እስኪወድቅ አፈገፈጉ።

«ጣት ቢሆን ይጠቁምዎት ነበር፣ አባባ» አለች ሶአዛራ። ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ራናይቮ ያስረዳ ጀመር። አባጨጓሬው የጊሽጣ ቅጠል በልቶ ሲጠግብ አፈር ውስጥ ገብቶ ይህን ቅርፊት ይለብሳል። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ምላሱ ከስንዝር ይረዝማል፤ ዛፍ ላይ የምትበቅል የአንዲት ነጭ አበባን ማር ከጥልቅ ቱቦዋ ይመጥበታል። እንዲህ ያለው ብዙ አይገኝም አለ።

«የአንተም ምላስ አያጥርም» አሉት አባባ ቤዛፊ። «ከየት ቆፈርከው? ለሙታኑ ሳይነገር ከመቃብሩ ሰባት እርምጃ ውስጥ አፈር አይነካም።»

«ሣጥኑ ላይ ባሰርኩት ወረቀት ጽፌዋለሁ» አለ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «የሶአዛራ እናት፣ ትምህርት ገብተሽ የለ? አንብቢልን።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። «የጊሽጣ ሥር» አልኩ። ቀጥሎ «ከመቃብሩ አራት እርምጃ» ይላል። ከሥሩ «ያወጣችው፦ ሶአዛራ»።

ቀና ስል ልጄ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደብቃለች።

«ከመቃብሩ አርባ እርምጃ» አልኩ። «ያወጣው ራሱ ራናይቮ።»

ራናይቮ አየኝና የሣጥኑን ክዳን ገጠመ። አባባ ቤዛፊ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «እንግዲህ ይሂድ» አሉ።

ቤት ስንገባ ውሃ ቀዳሁላት። «ጥፍርሽን ታጠቢ። ከአፈሩ ሌላ የነካሽው ምንድን ነው?»

«ምንም።»

ከጥፍሯ ሥር የወረደው ውሃ ጥቁር ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብሷን ሳጥብ አስቀድሜ ኪሷን እፈትሻለሁ።