የዕድሩ ብረት

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሂርጳ ደበላ ደግሞ ቢቸግረው የዕድር ድንኳን ብረት ገዛ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ የአቃቂ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ሂርጳ በርና መስኮት የሚበይድ፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነው። አቃቂ በሰቃ በኪራይ ይሠራበት የነበረውን ሱቅ ባለቤቱ «ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ብሎ ተቀበለው። ክፋቱ ሱቁን ያጣው ትልቅ ሥራ በያዘ ማግሥት ነው። ሊከፈት ለተዘጋጀ አንድ ትምህርት ቤት በሮችና መስኮቶች ሊሠራ ተዋውሎ፣ ቀብዱን ብረት ገዝቶበታል። ክረምቱ ሳይጠና ካላስረከበ ሥራውም ስሙም አብረው ይሄዳሉ። የቀረለት ከአባቱ የጤፍ ማሳ የተረፈው፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ብቻ ነበር። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ኪሱ ግን ጠባብ። እዚያ ላይ ረጃጅም ብረት የሚያስገባ፣ ዝናብ የማያስገባ ትልቅ ሼድ መሥራት ነበረበት።

የባህር ዛፍ አጠና አሰበ፤ ምስጥ ይበላዋል። አዲስ ብረት ጠየቀ፤ ዋጋውን ሰምቶ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ ተመለሰ። እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው ጎረቤቱ ጁማ ወሬውን ያመጣለት። ጁማ ከወሎ መጥቶ አቃቂ ላይ ሥር የሰደደ፣ ባለ አይሱዙ፣ ዕቃም ወሬም የሚያመላልስ ሰው ነው። የሰፈሩ ዕድር አዲስ ድንኳን ገዝቷልና የድሮውን ቋሚና አግዳሚ ብረት በርካሽ ሊሸጥ ነው አለው።

«የድሮ ብረት ነው፣ ወፍራም። እንደ ዛሬው ስታስነጥስ የሚታጠፍ አይደለም» አለ ጁማ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ሂርጳ፣ ስንት ለቅሶ የተቀመጠበት ነው። አላህ ይወቀው።»

«ብረት ምን ያውቃል?» አለ ሂርጳ፤ በነጋታው ብረቱን በጁማ መኪና አስጭኖ አመጣው።

በየቱቦው ጫፍ፣ አንዱ ከሌላው እንዲገጥም፣ ዕድርተኛው በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎበታል። ሂርጳ መጀመሪያ ቆራርጦ በራሱ ልክ ሊሠራው ነበር። ነገር ግን መቁረጥ ዲስክ ይበላል፣ መቀጠል ኤሌክትሮድ ይበላል። ቁጥሩን ተከትሎ ቢገጣጥመው ቤቱ በራሱ ጊዜ ይቆማል። እናም እንደዚያው አደረገ። ቋሚዎቹን ጥቁሩ አፈር ውስጥ በሲሚንቶ ተከላቸው፣ አግዳሚዎቹን በየቁጥራቸው ሰካቸው፤ ከዚያ በድንኳን ላይ ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ በየደው። ጣሪያውን በአሮጌ ቆርቆሮ ከደነ። ለግድግዳው ቆርቆሮው ስላልደረሰው ሸራ ወጠረበት። ሰውዬው ሼድ ሠራሁ ብሎ ደስ ብሎታል፤ ከመንገድ ለሚያየው ግን እነ ሂርጳ ግቢ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል።

አባቱ አቶ ደበላ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል ከወጡ ገና መሰንበታቸው ነው። በከዘራቸው ተደግፈው ወደ ጓሮ ዘለቁና ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዕድሩ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናቸው፤ ይህን ብረት በትከሻቸው ተሸክመው ያልገቡበት ቤት የለም።

«ይሄኛው ሥር ነበር የተቀመጥኩት፣ እናትህ የሞተች ጊዜ» አሉ አንዱን ጨብጠው። «መቼ ነው የምታፈርሰው?»

«ኧረ አባዬ፣ ሼድ'ኮ ነው። አይፈርስም።»

«ድንኳን በሠልስቱ ይፈርሳል፣ ኢልማ ኮ። ልጄ፣ ያልፈረሰ ድንኳን ባለቤቱን ይፈልጋል።»

«ታዲያ ባለቤቱ እኔ አይደለሁ? ይኸው አገኘኝ» አለ ሂርጳ እየሳቀ። አቶ ደበላ አልሳቁም።

መጀመሪያ የመጡት የታችኛው ሰፈር ሴቶች ነበሩ። ከበር ጀምረው «ዋይ! ዋይ!» እያሉ ገብተው የሂርጳን ሚስት ማርቲን ልብስ ስታጥብ አገኟት። «ማን ነው? ጋሽ ደበላ ናቸው?» ሲሏት ማርቲ የእጇን አረፋ ሳትጠርግ ሦስቴ አማተበች። ነገሩ ሲገባቸው ተሳሳቁ፣ ሂርጳን «ገና ሳትሞት ድንኳን ተከልክ» እያሉ ቀለዱበት። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሠርግ ቤት ጨዋታ የሚሆን ወሬ ነበር።

ግን አላበቃም። ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ማንም ሳይለፍፍ፣ ሰው መምጣቱን ቀጠለ፤ ደግሞም የሰፈር ሰው አይደለም። ሂርጳ መነፅሩን አድርጎ ሲበይድ ቆይቶ ቀና ሲል፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ማን ናችሁ ሲላቸው በሐዘን እንደተሰበረ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጥቂት ቆይተው ይነሱና «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ይወጣሉ። በጠራራ ፀሐይ የገቡ ሰዎች የተቀመጡበት እንጨት ግን ውኃ የነካው ይመስል ይርሳል።

ብረቱም ማንጎራጎር ጀመረ። ክፍት ቱቦ ንፋስ ሲገባበት እንደሚጮህ ሂርጳ አያጣውም፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ጫፎቹን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈነ። ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ወደ ውስጥ ገባ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ፀጥ ባለ ሰዓት እጁን ቋሚው ላይ ሲያሳርፍ፣ ከሩቅ ቤት የሚሰማ የብዙ ሰው ለቅሶ የመሰለ ንዝረት መዳፉ ላይ ይሰማዋል። እጁን ያነሳና ሱሪው ላይ ይጠርገዋል።

አቶ ደበላ ከዚያ ወዲያ ቀኑን የሚውሉት ሼዱ ውስጥ ሆነ። «ለቅሶ ደራሽ ብቻውን አይቀመጥም፣ ነውር ነው» ይላሉ። የሚስታቸው ለቅሶ ጊዜ የተደገፉትን ቋሚ ተደግፈው፣ የሚመጣውን እንግዳ ዝቅ ብለው ይቀበላሉ፣ ሲወጣም ይሸኛሉ። እንግዳ በሌለ ጊዜ ጆሯቸውን ከብረቱ ያስጠጋሉ።

«ምን ይሰማሉ አባዬ?» አላቸው ሂርጳ አንድ ቀን።

«ብዙ ሰው አለ። የእናትህን ለቅሶ ነው የምፈልገው» አሉት፤ የጠፋ ከብት እንደሚፈልግ ሰው በእርጋታ።

አንዲት ባልቴት የመጡት ሰኔ ሲጋመስ ነው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው የለበሱ፣ ጫማቸው ጭቃ ያልነካው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። እንደሌሎቹ አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ሂርጳ ጋ መጡና «አባትየው ነው ወይስ ልጁ?» ብለው ጠየቁ።

«ምኑ እማማ?»

«የሞተው።»

«ማንም አልሞተም። ይሄ የሥራ ቦታ ነው። ከየት ነው የመጡት?»

«ከሳሪስ አቦ ማዶ» አሉ ባልቴቷ። ጣሪያውን፣ ቋሚዎቹን፣ ብየዳውን አዩ። «እንግዲያው ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አሉና ወጡ። ሂርጳ ተከትሏቸው እስከ በሩ ቢሮጥም መንገዱ ላይ ከባጃጅ በቀር ምንም አላየም።

ሁለተኛ ሲመጡ ያገኙት ማርቲን ነው፤ የጠየቁትም ያንኑ ነው። ማርቲ ዳዴ የሚለውን ልጇን ሮቤራን ከመሬት አፈፍ አድርጋ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ራት ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ባሏን አፈጠጠችበት።

«ነገ ታፈርሰዋለህ።»

«በሮቹን ላስረክብ። ጥቂት ነው የቀረኝ። ከዚያ ራሴው እቆራርጠዋለሁ።»

«አንተ ዛሬ ነገ ስትል ነው ሴትዮዋ የምትመለሰው! ያለችውን አልሰማህም? አባትየው ወይስ ልጁ ነው ያለችው!»

«ሰምቻለሁ ማርቲ። ሜዳ ላይ ደግሞ በዝናብ ብበይድ ኤሌክትሪኩ አይምረኝም። ምን ላድርግ?»

አቶ ደበላ ጉርሻቸውን አላምጠው ዋጡ። «ተዪው ልጄ» አሉ ለማርቲ። «ሥራ ይዟል።»

ሂርጳ ያን ጊዜ አባቱን አየ፤ አንገታቸው ሰልሏል። ከዚያ ለማንም ሊናገረው የማይችለውን አሰበ። እሳቸውስ ኖረዋል፣ እኔ ግን ልጅ አለኝ ብሎ አሰበ። ሐሳቡ መጥቶ ለመሄድ የወሰደበት ጊዜ ውኃ ተጎንጭቶ ብርጭቆ እስከማስቀመጥ አይሞላም። ቢሆንም አፈረ፤ እንደዚያ ቀን በራሱ አፍሮ አያውቅም። አቶ ደበላ ቀና ብለው አዩት፣ ከሳህኑ ጥሩ ጥሩውን ወደ እሱ ገፉለት።

በሮቹ ወደ ማለቁ ሲደርሱ ዝናቡ ገባ። የመጨረሻውን በር ማጠፊያ ሲበይድ ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ይንጠባጠባል፣ አቶ ደበላ ቋሚያቸውን ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ሂርጳ የብየዳው ብርሃን ሲጠፋ ከመነፅሩ ጀርባ ጭለማ ሆነበት፤ በጭለማው ውስጥም አጠገቡ ሰው እንደቆመ አወቀ። መነፅሩን ሲያነሳ ባልቴቷ ናቸው። ዝናብ ውስጥ መጥተው ነጠላቸው አልረጠበም።

«አባትየው ነው ወይስ ልጁ?»

ማንም አልሞተም ሊል ፈለገ። እኔ ነኝ ማለትም አሰበ፤ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ፈርቶ ነው። በጉልበቱ ብረት የሚያጎብጥ ሰው አንዲት ቀጭን ባልቴት ፊት ቆሞ ኤሌክትሮዱን ብቻ አጥብቆ ያዘ።

«አባትየው ነው እናቴ» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። አቶ ደበላ ነቅተዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ከወገባቸው ሸብረክ አሉ። «ልጁማ ያውልሽ፣ ሥራ ላይ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ባልቴቷ። ነጠላቸውን አስተካከሉና እየተራመዱ ወጡ።

«አባዬ! ለምን እንደዚያ አሉ?» ሂርጳ ኤሌክትሮዱን ጥሎ ሮጠ።

«ጠየቀች፣ መለስኩላት። ሰው ስንት ጊዜ ይመላለሳል?» አሉ። «ማጠፊያው ሳይቀዘቅዝ ጨርሰው።»

ሂርጳ ማጠፊያውን አልጨረሰውም። ጁማን ጠርቶ አባቱን ሆስፒታል ለመውሰድ ሲሟገት፣ አቶ ደበላ ደህና ነኝ ብለው ምሳቸውን በሉ፣ ሮቤራን አንስተው ሳሙት፣ ትንሽ ልጋደም ብለው ገቡ። ጁማ መኪናውን አስነስቶ ሲመጣ ሩጫው ከንቱ ሆኖ ነበር።

አሁን ጥሩምባው ተነፋ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሚካኤል አዲሱን ድንኳን አስጭነው መጡና ጓሮውን ሲያዩ ቆሙ። «ይሄ ቆሞ የለም እንዴ» አሉ ቀስ ብለው። አዲሱ ድንኳን ከመኪና ሳይወርድ ተመለሰ።

አቃቂ ወጥቶ እዚያ ተቀመጠ። ሂርጳ ከሰው መሐል ባልቴቷን በዓይኑ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣቸው። ለካ እሳቸው የሚመጡት ለቅሶ ከመሆኑ በፊት ነው። እንባ ግን አልመጣለትም፤ እያለቀሱ የሚያቅፉትን ሁሉ እሱ ያጽናናቸው ነበር።

በሠልስቱ፣ ጸሎት ተደርጎ ሰው ሲነሳ፣ የዕድሩ ጎልማሶች እንደ ልማዳቸው ድንኳኑን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ነውና እጃቸው ሐሳባቸውን አልጠበቀም። አንዱ ቱቦውን ይዞ ጠመዘዘ፤ አልዞረም። ሌላውም ሞከረ። ከዚያ ብየዳውን አዩና ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሂርጳ አዞሩ።

ጁማ በጆሮው ጠጋ አለ። «ተወው ይቁም ወንድሜ። የፈለገውን አግኝቷል። አባትህ ላንተ ብለው አይደል? እንጀራህ ነው'ኮ።»

ሂርጳ እውነት ነው ብሎ ሊስማማ ነበር። አባቱ ሰጥተው የሄዱትን ነገር በገዛ እጅ ማፍረስ ስድብ መስሎ ታየው። በዚህ መሐል ዓይኑ ማርቲ ላይ አረፈ። ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ሮቤራ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ሂርጳ ልጁን ሲያይ የባልቴቷ ጥያቄ ትዝ አለው። እስከ ትናንት በስቲያ ልጁ እሱ ነበር። አሁን አባትየው እሱ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያው፣ እናቱ ጭን ላይ።

መቁረጫውን አንስቶ ገመዱን ሰካ። ማንም አልከለከለውም። ጋሽ ወልደሚካኤል ሴቶቹን ከጣሪያው ሥር አስወጡ፣ ጎልማሶቹ አግዳሚውን ደግፈው ያዙለት። ከሁሉ በፊት አባቱ ይደገፉት ወደነበረው ቋሚ ሄደ። ዲስኩ ብረቱን ሲነካ የተነሳው ጩኸት ሲውል ሲያድር የሰማውን እንጉርጉሮ ሁሉ ዋጠው፤ ፍንጣሪው ፊቱ ላይ ሲበታተንም መነፅር አላደረገም። ያኔ ነው እንባው የመጣው፣ ሳያስበው፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ።

ቋሚው ተቆርጦ ትከሻው ላይ ዘንበል አለ። በሁለት እጁ ተቀበለው። ብረቱ ይሞቃል። ሙቀቱ ከመቁረጫው እንደሆነ በያጅ ነውና ያውቃል። ቢሆንም ጎልማሶቹ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘርግተው ሳለ ቶሎ አልለቀቀላቸውም።