ወንድሜ ካርዶቹን የቆረጠበት እሑድ

ዌንደል፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እዚሁ ዴይተን ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጆቹን ያሳደገበትን፣ ሚስቱ የሞተችበትን የኪራይ ቤት ባለቤቱ ሊሸጥለት ተስማማ፤ ባንኩም ብድሩን ፈቀደ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤተክርስቲያናችን «ከዕዳ አርነት» የሚል ትምህርት ጀመረች። በማሳረጊያው እሑድ ሰው እየተነሣ መድረክ ላይ ክሬዲት ካርዱን በመቀስ ይቆርጣል፤ ጉባኤው ያጨበጭባል። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል። ዌንደል ለዓመታት ከመሳቢያ ያልወጡ ሁለት ካርዶች ነበሩት። በሦስተኛው ግን ጥርሱን አሠርቶበት ዕዳውን በየወሩ እየከፈለ ነበር።

«ፊርማው እስኪያልቅ ብትቆይስ? ምን አስቸኮለህ?» አልኩት አጠገቤ እንደተቀመጠ።

«ናዲን፣ አንቺ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ስትፈሪ። ምንም ያልተበደርኩበት ባዶ ካርድ ነው። ባዶ ነገር ማንን ይጎዳል?»

ተነሥቶ መድረኩ ላይ ወጣ። ፓስተር ሮስኮ መቀሱን አቀበሉት። «ወንድም ዌንደል ቀንበሩን ሰበረ በሉ» አሉ፤ ተባለ። መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፣ ሰኞ ደውላችሁ አስዘጉት ስላሉም ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም አስዘጋ።

ባንኩ ከፊርማው በፊት የብድር ነጥቡን፣ ሰው ለብድር ምን ያህል እንደሚታመን የሚለካበትን ቁጥር፣ እንደገና አየ። ከዚያ አስጠሩን።

«ሚስተር ፕሩት፣ ምን አደረጉ?» አለችው ወንድሜን የብድር ሠራተኛዋ።

«ምንም። የማልጠቀምባቸውን ካርዶች ዘጋሁ።»

«እሱ ነዋ። እነሱ ክፍት ሳሉ፣ መበደር ከሚችሉት ላይ የወሰዱት ጥቂቱን ነበር። አሁን የቀረዎት አንድ ካርድ ነው፤ እሱም በጥርስዎ ዕዳ እስከ አፉ ሞልቷል። ነጥብዎ እኛ ከምንቀበለው በታች ወርዷል።»

«ዕዳዬ ጨመረ?»

«አልጨመረም።»

«ክፍያ አሳልፌ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ?»

ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። «ሌላው ሰው እኮ አልፎ አልፎ ማስቲካ ይገዛበታል፤ ካርዱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ» አለች። መምከሯ ነው።

ማስቲካ። ዕድሜውን ሙሉ በሰዓቱ የከፈለ ሰው፣ ያልነካውን ብድር «አልፈልግም፣ ውሰዱት» ስላለ የማይታመን ሆነ። የሚታመነው ሳያስፈልገው የብድር በር ከፍቶ የሚቀመጠው፣ ማስቲካ እያኘከ የሚጠብቀው ነው። ከዚያ ቢሮ ስወጣ አፌ መረረኝ። እንዲህ ያለ የገማ ሥርዓት አይቼ አላውቅም፤ ከሁሉ የሚያስጠላው ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ እሱ እንደ ጤነኛ ነገር ማውራቱ ነው።

በቀጥታ ፓስተሩ ጋ ሄድኩ።

«ፓስተር፣ እርስዎ የራስዎን ካርድ ቆርጠዋል?»

«እኔማ እህቴ፣ የአገልግሎት ጉዞ አለብኝ። ያለ ካርድ አውሮፕላን መሳፈር፣ ሆቴል ማደር አይቻልም።»

«ወንድሜ ቤቱን አጣ።»

«ማን ያውቃል፣ ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶለት ይሆናል» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እጃቸው ያረፈበትን ሹራብ እቤት እንደገባሁ አጠብኩት።

ባለቤቱ መጠበቅ አልቻለም፤ ቤቶች እየገዛ ለሚያከራይ ድርጅት ሸጠው። ድርጅቱ ዌንደል በኪራይ መቆየት እንደሚችል ነገረው፤ ብቻ እንደማንኛውም ተከራይ የብድር ነጥቡ መታየት አለበት። ታየ። አልበቃም።

አሁን እኔ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ይተኛል። ባለፈው ሳምንት ከቤተክርስቲያን ተደወለ። ለአዲሶቹ ተማሪዎች መድረክ ወጥቶ ስለ አርነቱ እንዲመሰክር ፈልገው ነው። ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ ምን ልበላቸው አልኩት።

«እውነት ነው፣ አርነት ወጥቷል ብለሽ ንገሪያቸው» አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ። «የቤት ኪራይ እንኳ የለበትም በያቸው።»