የበለጥሻቸው ጣቶች

በሸማ ተራ የበለጥሻቸውን ጣቶች የማያውቅ አልነበረም። ነጠላ ሲያቀርቡላት ዓይኗን ወደ መንገዱ ጥላ ጫፉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት ታደርገዋለች። ከዚያ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል መሆኑን፣ ወይም የፋብሪካ ክር የገባበት መሆኑን ቁርጡን ትናገራለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳስታ አታውቅም። ተሳስታ ቢሆን ኖሮ የመርካቶ ሰው ይነግረን ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያልፈው ምሳው ቢያልፈው ይመርጣል።

ከዚያ ቆዳዋ ይጠባት ጀመር። መጀመሪያ ጣቶቿ አበጡና የጋብቻ ቀለበቷን ምን አለሽ ተራ ሄዳ አስቆረጠችው። እብጠቱ ሲጎድል ቆዳው ጠንክሮ ቀረ፤ ልቆንጥጠው ቢሉት የማይነሳ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ ሆነ። ጣቶቿም ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ አሉ። የፊቷ መስመር ሁሉ ጠፋና ደንበኞቿ «በለጤ፣ ምን ተቀብተሽ ነው ልጅ የሆንሽው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሷ ግን ለጉርሻ እንኳ አፏ በቅጡ አልከፈት ብሏት ተቸግራለች።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። የጣቶቿን መታጠፍ ያየ ሁሉ «ቁምጥና ነው» እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። ደንበኛ ከእጇ ሸማ መቀበል ተወ። በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ ዝናባም ጠዋት፣ የተራው አለቃ ጋሼ ደምመላሽ ሰው አስከትለው መጡና ሱቁን እንድትለቅ ነገሯት።

«ሐኪም ቤት ሄጃለሁኮ ጋሼ» አለቻቸው። «ሐኪሙ ዓይኔን ሸፍኖ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካካኝ፤ አንዱም አላመለጠኝም። ሥጋ ደዌ ስሜት ያጠፋል። የኔ ቆዳ ደደረ እንጂ አልደነዘዘም፤ ወደ ሰውም አይጋባም። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት አለው ብሎኛል።»

«ታዲያ በሽታሽን ማን አለው?»

«የፈረንጅ ስም ነው፤ አልያዝኩትም።»

«ሰማችሁ? ስም የሌለው በሽታ!» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ።

በለጥሻቸው በገነች። «እንግዲያው እዚሁ ፈትኑኝ! ዓይኔን እሰሩና ሸማ አምጡ። የደነዘዘ ጣት የእጅ ፈትል ከፋብሪካ ክር አይለይም። ከተሳሳትኩ ዛሬውኑ እለቃለሁ።»

ነገሩ ለሁሉም ፍርድ መሰለው። ጎረቤቷ ጠይብ፣ የአቡጀዲ ነጋዴው፣ ከጣቃው ቁራጭ ቀዶ ዓይኗን አሰረላት። ይሄኔ ነው ጉዷን ያወቀችው። ብርዱ ጣቶቿን እስከ መገጣጠሚያቸው እንደ ጧፍ አንጥቷቸዋል፤ እንዲህ ሲሆኑ ደግሞ ደም እስኪመለስባቸው ምንም አይለዩም።

«ትንሽ ቆዩኝ» አለች።

«ፈራች!» አሉ ጋሼ ደምመላሽ።

ፈርታም ነበር፤ ለምን ይዋሻል።

«ጠይብ፣ አንድ ሻይ አምጣልኝ። ልጠጣው አይደለም።»

«እሺ፣ እትዬ በለጤ» አለና ሮጦ አመጣላት። ትኩሱን ብርጭቆ በሁለት እጇ አቅፋ ቆመች። ነጩ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ፤ ጣቶቿን በመርፌ የሚወጓት ያህል አቃጠላት። ያን ሕመም እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም።

የመጀመሪያውን ሸማ አሸችው። «ድሩም ማጉም የእጅ ነው።» ልክ ነበረች። ሁለተኛውን ያዘች። «ማጉ የእጅ፣ ድሩ የፋብሪካ።» እሱም ልክ ሆነ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

ጋሼ ደምመላሽ ሊያሳስቷት ፈልገው ከፋሲካ ጀምሮ «ጥርት ያለ የእጅ ፈትል» እያሉ የሚኩራሩበትን፣ ከትከሻቸው ያልወረደውን ኩታ ጫፉን ዘረጉላት። በለጥሻቸው አንዴ አሸችው፤ ደግማ አሸችውና ሳቀች።

«ይሄማ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ነው! የገዛው ሰውዬ፣ ምስኪን፣ ተሸውዷል።»

ተራው በሳቅ ፈረሰ። ጠይብ መዝጊያውን ተደግፎ እንባውን ጠረገ። በለጥሻቸው ማሰሪያውን ገፋ አድርጋ ብታይ፣ የኩታው አንዱ ጫፍ በእጇ፣ ሌላው በጋሼ ደምመላሽ ትከሻ ላይ ነው።

ሰውዬው ኩታቸውን ወደ ብርሃን ይዘው ትክ ብለው አዩት፤ ክሩ እንዳለችው አንድ ወጥ የፋብሪካ ነው። ሱቅ ስለ መልቀቅ የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እጃቸውን ዘረጉላት። ማንም የእሷን እጅ ከነካ ወራት አልፎ ነበር። እንዳፈረ ሰው አጥብቀው ጨበጧት።

«ቀስ አድርገው እንጂ ጋሼ» አለች በኩራት። «ያመኛል።»