በአዲሱ መንገድ ላይ የተጋደመው ቅርንጫፍ

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከቴፒ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ታፈሰ፣ ምጥ የጠናባት ሚስቱ በየነች፣ ወንድሟ ማቴዎስና ከእሱ ጋር ከማጂ ለቡና ለቀማ የመጡ ሦስት ጎረምሶች ነበሩ። የሰፈሩ ወንዶች ገበያ ወርደው ስለነበር ቃሬዛውን የተሸከሙት አገሩን የማያውቁ እንግዶች ናቸው።

ታፈሰ ቀድሞ ሮጦ መኪና ማስቆም ነበረበት። የጠዋቱ መኪና ካመለጠ እስከ ማታ ሌላ አይገኝም። መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ፣ በማይኬድበት በኩል እርጥብ ቅርንጫፍ እንደሚያጋድም ለማቴዎስ ነገረው። ማጂም የሚደረገው እንደዚሁ ስለሆነ ማብራሪያ አላስፈለገም።

በየነች ከቃሬዛው ላይ ቀና አለች።

"ደህና አድርገህ አጋድመው። ያኔ እኔን ለመጠየቅ የላክሃቸው ሽማግሌዎች እንኳ ተሳስተው ጎረቤት ቤት ገብተዋል።"

ጎረምሶቹ ሳቁ። እሷም ልትስቅ ሞከረችና ከንፈሯን ነከሰች።

ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ስር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ያለው አሮጌው የእግር መንገድ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። በቀኝ ያለው ሰፊ መንገድ በዚያ ሰሞን ለጎብኚዎች ተብሎ የተጠረገ ነው፤ ፏፏቴው ጋ ሄዶ ያበቃል። ታፈሰ በሰፊው ላይ ቅርንጫፍ አጋደመና ሮጠ።

የጭነት መኪና አገኘ። ሾፌሩ ሳያንገራግር ቆመለት። አብረው ጠበቁ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ደጋግሞ ቢነፋም ከጫካው የወጣ ሰው አልነበረም። ታፈሰ ተመለሰ።

ቀረሮው ስር ሲደርስ ሰፊው መንገድ ጽድት ብሏል። ቅርንጫፉ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወርውሯል። መንገድ ጠራጊዋ ሎሚ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች። አዲሱን መንገድ የጠሉ የንብ ቀፎ ሰቃዮች ማታ ማታ እየመጡ በቅርንጫፍ ይዘጉት ነበርና በየጠዋቱ የምታነሳው እሷ ናት።

ቅርንጫፉን ሲያነሳ አይታ "የእነሱ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ" አለችው።

በሰፊው መንገድ ሮጠ።

ፏፏቴው ጋ ቃሬዛው መሬት ላይ ወርዷል። ጎረምሶቹ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። ማቴዎስ ነጠላዋን እስከ ፊቷ ስቦ አልብሷታል።

"ቅርንጫፉን ፈልጌ አጣሁት። የረሳኸው መሰለኝና ሰፊውን ያዝን" አለ። ከዚያም ጨመረ፦ "እሷ ግን፣ እሱ አይረሳም፣ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ እያለች ነበር።"

በየነችን ካልተወለደው ልጇ ጋር በማግስቱ ቀበሯት። ማቴዎስ ለቀማውን ትቶ ወደ ማጂ ሄደ። መንገዱ በታኅሣሥ ለጎብኚዎች ተከፈተ።