የቀዝቃዛ ውሃ ሰሞን

የወርክሾፑ ባለቤት ሠራተኞቿን ከሰኞ ጀምሮ አትምጡ ልትላቸው ነው። ቃሉን ከቤቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ ስታላምጠው መጥታ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ጭራሽ ጠፋባት። ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት፣ በዕድሜ የሚበልጧትም ሳይቀሩ። አባቷ ሲሞቱ ወርክሾፑንም ሠራተኞቹንም ጭንቀቱንም አንድ ላይ ነው ያወረሷት።

ሥራቸው የውሃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ነው፤ ውሃው ሲበርድ የሚያበራ፣ ሲሞቅ የሚያጠፋ፣ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሣጥን። ዘንድሮ ግን አንድ ክሊኒክ ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሞቁ አልጋዎች አዘዛቸው። ብረቱ ተበየደ፣ ተቀባ፣ ፍራሹ ገባ። የቀረችው ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ ብቻ ናት። ሙቀቱን እየለካች አብራ፣ አጥፋ የምትለው እሷ ስለሆነች ሠራተኞቹ "አእምሮው" ይሏታል። አእምሮ የሌለው አልጋ ደግሞ ያው ሣጥን ነው።

ቺፗ የምትመጣው ከውጭ ነው፤ ወርክሾፑ ውስጥ የነበሩትም አልቀዋል። አቅራቢው በየሳምንቱ "መንገድ ላይ ነው" ይላል፤ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ለካ ፋብሪካው የሚያመርተውን ሁሉ ትልልቆቹ መኪና ሠሪዎች ጠራርገው ይወስዱታል፤ እንደ እትዬ ያለው ትንሽ ደንበኛ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆሞ የሰው ማጅራት ያያል። ትናንት ቁርጡ ተነገራት፤ ገና ወራት ይቆያል። ክሊኒኩ ደግሞ አልጋዎቹ በዚህ ወር ካልደረሱ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል። ውሉ ከፈረሰ ወርክሾፑ ይዘጋል።

ሠራተኞቹ ተከታትለው ሲገቡ እትዬ ክው አለች። ሁሉም ፌስታል አንጠልጥለዋል። ሰምተዋል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ፤ የወርክሾፑን ዕቃ መልሰው ሊሰናበቱኝ ነው። አልፈረደችባቸውም፤ እሷም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ከፊት የቀደመችው የፍተሻ ሠራተኛዋ አይሆንም ናት። ስሟ አይደለም፤ እንከን ያለበት ዕቃ ባየች ቁጥር ከአፏ የሚወጣው ይኸው ስለሆነ ባሏ እንኳ እንደዚያ ነው የሚጠራት።

"እትዬ፣ እስቲ ጠረጴዛውን ልቀቂልን።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ የምነግራችሁ ነገር አለ።"

"ኋላ ትነግሪናለሽ፣ የትም አንሄድም።"

ፌስታሏን ገለበጠችው። እንፋሎት ቢጫ ያደረገው፣ ጠርዙ ላይ የግድግዳ ቀለም የተጣበቀበት የውሃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ወጣ። እትዬ አየችውና ገባት። ከአባቷ ዘመን ጀምሮ፣ ሠራተኛ ትዳር ሲይዝ አንድ መቆጣጠሪያ በገዛ እጁ ይሠራል፤ ባልደረቦቹ ሁሉ ክዳኑ ውስጥ ይፈርሙበትና ስጦታው ይሆናል። የሸጠው ወይም ለሌላ የሰጠው ሰው ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ሁሉም እየነቀሉ አምጥተዋል።

"ይህን ማን ነው የነገራችሁ?"

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ፣ ወደ ታናሽ ወንድሟ ዞሩ።

"እኔ ምን አደረግሁ?" አለ። "ምሳ ላይ፣ ቺፗ እኮ ያችው የውሃ ማሞቂያዋ ናት አልኩ። ጨዋታ ነበር!"

ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን የማይሰጠው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ የራሱን ሣጥን አስቀመጠ። "ከነሚስቴ ኩርፊያ ነው ያመጣሁት" አለ። እትዬ በልማዷ ልትፈርምለት እስክሪብቶ ፈለገች።

"ተይው፣ ልጄ። ይሄ ያለ ፊርማ ይውጣ።"

ያኔ ማልቀስ ጀመረች። "ልጆቻችሁስ በምን ሊታጠቡ ነው?"

"በቀዝቃዛ ውሃ ነዋ" አለች አይሆንም። "ትንሽ ይጮኻሉ እንጂ ምን ይሆናሉ?"

ወንድሟ ቺፖቹን በሙቅ አየር እያላቀቀ፣ የድሮውን ትእዛዝ ደምስሶ አዲሱን ጫነባቸው። አይሆንም ደግሞ አልጋው ላይ የሕፃን ክብደት ያለው የውሃ ከረጢት እያስተኛች፣ ቴርሞሜትሯ ላይ አፍጥጣ ፈተነቻቸው። ሁሉም አለፉ፣ ከአንዷ በቀር። የመጣችበትን ክዳን ገልብጣ ፊርማዎቹን አየች።

"አይሆንም" አለች በመጨረሻ። "የኔዋ ናት። ሙቀቱን ታዋዥቃለች።"

አንድ አልጋ ያለ አእምሮ ቀረ። ሁሉም ወለሉን አዩ፤ ወደ እትዬ ቀና ያለ አልነበረም። እንዳያዩዋት የተጠነቀቁት ለምን እንደሆነ ገባት። እሷ ቤትም አንድ አለ፤ አባቷ ከመሞታቸው በፊት በመጨረሻ የሠሩት፣ ብቻቸውን የፈረሙበት። ከመካከላቸው አንዱም አምጪው አላላትም።

ቤቷ ሄዳ ራሷ ነቀለችው። ክዳኑን መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች፤ ቺፗን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። አይሆንም ፈተነች፣ ደግማ ፈተነች፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩን ኪሷ ከተተች።

"አባትሽ ጎበዝ ነበሩ" አለች።

አልጋዎቹ ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከክሊኒኩ አንዲት ነርስ ደወለች። "ዛሬ የተወለደች ልጅ ከአልጋዎቻችሁ በአንዱ አስተኝተናል። ስትመጣ እንደ በረዶ ነበረች፤ አሁን እጇ ሞቋል። እግዜር ይስጥልን።"

እትዬ ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ሣጥኑ ከተነቀለበት ግድግዳ ሥር ቆማ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ ጮኻም ሳቀች። በዚህ ሰዓት አይሆንምም፣ ሽማግሌውም፣ ልጆቻቸውም በየቤታቸው እንዲሁ እየጮኹ ይሆናል።

"ኑሩልኝ" አለች እየተንቀጠቀጠች፤ ቧንቧውንም ቶሎ አልዘጋችውም።