ባለ አራት አፈሙዙ ሽጉጥ

ካፒቴን ፔንሮዝን በሃያ ስድስት ዓመት የባሕር ኑሯቸው እንደ ክቡ ወረቀት ያናደዳቸው ነገር የለም። መርከበኞች አቤቱታቸውን መሃል ላይ ይጽፉና ስማቸውን ከሥር በመደርደር ፈንታ ዙሪያውን ይፈርሙታል። ቀድሞ የፈረመው አይታወቅም፤ እሱ ካልታወቀ ደግሞ የሚገረፈው አይታወቅም። ካፒቴኑ ወረቀቱን ወዲህ ቢያዞሩት፣ ወዲያ ቢያዞሩት፣ መነጽር ቢቀይሩ፣ ክብ ክብ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መርከባቸው «ሱዛና» ከብሪስቶል ወደብ ከመነሳቷ በፊት አንድ ሽጉጥ ገዙ። እጀታው አንድ፣ ቃታው አንድ፣ አፈሙዙ ግን አራት ሲሆን እንደ ዳክዬ እግር ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። አንዴ ሲስቡት አራት ጥይት በአራት አቅጣጫ ይወጣል።

«ቀዳሚውን ከደበቁብኝ እኔም መምረጥ አይጠበቅብኝም፤ ለሁሉም አዳርሳለሁ» አሉ።

ምክትላቸው ኤልያስ ትሪግ ሳቀ። ደብዳቤ የሚጠብቅ ምክትል በአለቃው ቀልድ ይስቃል። አሥራ አንድ ዓመት ምክትል ሆኖ ኖሯል፤ የመርከቦቹ ባለቤት ሚስተር ዳንክሊ «ካፒቴንህ በጽሑፍ ከመሰከረልህ የሚቀጥለው መርከብ ያንተ ነው» ብለውታል። ሚስቱማ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች።

በአምስተኛው ሳምንት የሥጋው በርሜል ተከፈተ፤ መርከቧ በሙሉ አፍንጫዋን ያዘች። በማግስቱ ክቡ ወረቀት ካፒቴኑ በር ሥር ተገኘ። ካፒቴኑም ሰዉን ሁሉ ወደ መርከቧ ላይኛው ወለል ጠሩና ሽጉጣቸውን ይዘው መሃል ቆሙ። ደንቡ እንደሚያዘው ምክትሉ ከቀኛቸው ቆመ። በግራቸው መቆም የነበረበት ሁለተኛው ምክትል ሽጉጡን ካየ ጀምሮ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል።

ትሪግ በዓይኑ ጥግ ሰረቅ አድርጎ ቢያይ፣ የዳር ቀኙ አፈሙዝ የሚያየው የሱን ሆድ ነው።

ሽማግሌው ሸራ ሰፊ ጆሪ ሽጉጡን በጥሞና ሲመረምር ቆየ። «ካፒቴን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መሃሉን የሚያየው የትኛው ነው?»

ካፒቴኑ አዩ። ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ። መሃሉን የሚያይ የለም።

ጆሪ ቀስ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ሌላው ከኋላው፣ ሌላው ከሌላው ኋላ፤ አሥሩም መርከበኞች ቀለብ እንደሚቀበል ሰው ተሰለፉ።

«ተበተኑ እንጂ!» አሉ ካፒቴኑ። «ምን ያጣብቃችኋል?»

«እዚሁ ተመችቶናል» አለ ጆሪ። «ይልቅ ሚስተር ትሪግ፣ እርስዎ ቢያስቡበት ይሻላል። ከዚህ ሁሉ ሰው የተነጣጠረብዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ትሪግ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። «ካፒቴን፣ ትንሽ ወደ ኋላዎ ሸሸት ብልስ?»

«ምክትል የሚቆመው ከቀኝ ነው! ደብዳቤውን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ትሪግ ደብዳቤውን አሰበ። ሆዱንም አሰበ። ከዚያ ባርኔጣውን በአክብሮት አነሳና ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። በጣም አፈረ፤ ከፊቱ ግን አሥር ሰው ቆሟል።

ካፒቴኑ በንዴት ቀሉና ቃታውን ሳቡ። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲረግጥ የእጃቸው አንጓ ቀጭ አለ። አንዱ ጥይት ሸራ ቀደደ፣ ሁለቱ ባሕር ገቡ። አራተኛው ትሪግ ቆሞበት በነበረው ቦታ አልፎ የካፒቴኑን የዶሮ ቤት መታው። ሦስት ዶሮ ሞተ፤ የዚያን ቀን ሰው ሁሉ የዶሮ ሾርባ ጠጣ። «አቤቱታችን በዚህ ፍጥነት መልስ አግኝቶ አያውቅም» አለ ጆሪ።

የጉዞ መዝገቡን መሙላት ትሪግ ላይ ወደቀ፤ የካፒቴኑ ቀኝ እጅ በእንጨት ታስሯል።

«አመጹ በተኩስ ጸጥ አለ ብለህ ጻፍ» አሉ።

«ስንት ሞተ ቢሉኝስ?»

ካፒቴኑ በግራ እጃቸው ጣት ቆጠሩ። «ሦስት።»

«ዶሮ ልበል?»

«ሦስት ብቻ በል።»

ትሪግ ብዕሩን እንደያዘ ስለ ደብዳቤው አነሳ። እሱ «ሦስት» ብቻ ብሎ ሊጽፍ፣ ካፒቴኑም ሊመሰክሩለት ተስማሙ፤ ደብዳቤውን እሱ ጻፈው፣ ካፒቴኑ በግራ እጃቸው የመስቀል ምልክት አደረጉበት። ምልክት ደግሞ የማንም ሊሆን ስለሚችል ምስክር አስፈለገ። መርከበኞቹ በደስታ ፈረሙለት፤ እጃቸው እንደለመደው፣ ዙሪያውን።

ብሪስቶል ሲደርሱ ትሪግ አዲስ ኮት ለብሶ ወረቀቱን ለሚስተር ዳንክሊ አቀረበ። ሚስተር ዳንክሊ ክቡን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሠላሳ ዓመት ሲደርሳቸው ኖሯል። አንድ መስመር ሳያነቡ እሳት ውስጥ ከተቱት።

«ገብቶኛል ሚስተር ትሪግ። ለማንም እንዳታወራ። ለሚቀጥለው ጉዞ ጥሩ ሥጋ ይጫናል።»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ የኔ...»

«ጥሩ ሥጋ አልኩህ። ቃሌ ነው።»

ቃላቸውንም ጠበቁ። በጸደይ «ሱዛና» በብሪስቶል ታይቶ የማይታወቅ ሥጋ ጭና ወጣች፤ መርከበኛው ሁሉ ትሪግን መረቀው። ካፒቴን ፔንሮዝም ድነው አዲስ ሽጉጥ ገዝተዋል፤ ባለ አምስት አፈሙዝ፣ አምስተኛው መሃሉን የሚያይ። የዳር ቀኙ አፈሙዝ እዚያው ነበረ። ትሪግም እዚያው፣ ከቀኛቸው ነበረ።