ለአሲያቱ ሰደቃ የወጣው ዓሣ

በማሎምቤ ሐይቅ ዳር፣ ከመስጊዱ በታች ያለውን ሸምበቆ የሚጠብቀው ሰው በአክብሮት «ቼ» የሚለው ሽማግሌው ብዋናሊ ነበር። ደመወዝ የለው፣ መሣሪያ የለው። ያለው ከግንድ የተቦረቦረ ጀልባና ቁጡ ምላስ ነው። መንደሩ ተሰብስቦ «ከሸምበቆው ውስጥ ማንም መረብ አይጥልም» ብሎ ሲማማል፣ ጥበቃውን ለእሱ ሰጥቶ ወደየቤቱ ገባ።

ቻምቦ የሚባለው ትልቁ ዓሣ እንደ ጥቃቅኖቹ ዝም ብሎ አይፈላም። ለመውለድ ዓመታት ይፈልጋል፤ እናቲቱም ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ይዛ ነው። ብዋናሊ ልጅ ሳለ መንደሩ ጥቂት ጎጆ ነበር፤ ሐይቁ ለሁሉም ይተርፍ ነበር። ዛሬ ቤት ከቤት ተያይዞ፣ ልጅ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጁም መረብ ገዝቶ፣ የመረቡ ዓይን ጠብቦ ጠብቦ አጎበር አክሏል። ዓሣው ሳይወልድ ይበላል። ሸምበቆው ውስጥ የተረፉት ግን ወልደዋል፤ ልጆቻቸውም አድገዋል። የቀረው አንድ ዝናብ፣ አንድ ክረምት ብቻ ነበር። እነዚያ ልጆች በተራቸው ወልደው ወደ ሰፊው ሐይቅ ሲወጡ ለሁሉም ይደርሳል። ብዋናሊ ያን ዝናብ የሚጠብቀው ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ባል ነበር፤ እንቅልፍ አጥቶ፣ ባገኘው ሰው ሁሉ ላይ እየጮኸ።

እንዲህ እንዳለ እህቱ አሲያቱ ሞተች።

በአገሩ ልማድ የእህቶቹም የልጆቻቸውም አለቃ እሱ ነው፤ ለሟች የሚበላውን ሰደቃ እሱ ካላበላ ማን ያበላል? ከሐይቁ ዙሪያ ዘመድ ሁሉ ይመጣል፤ የመጣ ሁሉ ጠግቦ መሄድ አለበት።

«ባቄላ ይበቃል» አለ ብዋናሊ።

የሟች ልጅ አወቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀና አለች። «አጎቴ፣ ለእናቴ ሰደቃ ባቄላ?»

«ባቄላ ምን አለው? አንቺን ያሳደገሽ ባቄላ አይደል?»

«ዕድሜ ልኳን ዓሣ ስትሸጥ ኖራ በባቄላ ትሸኝ? ‹ብዋናሊ ዓሣውን ለራሱ ደብቆ እህቱን አዋረዳት› ነው የሚሉዎት።» እንባዋ መጣ። «አንድ መረብ ብቻ፣ አጎቴ። አንድ።»

ከሌባ ጋር ቢሆን ኖሮ ብዋናሊ ያውቅበት ነበር። ከእህቱ ልጅ እንባ ጋር ግን እንዴት ይታገላል? እጅ እግሩ ታሰረ። ራሱ ሄዶ ሸምበቆው ውስጥ መረብ ጣለ፤ አፏ በልጆች የተሞላውን እናት እየመለሰ፣ ሌላውን እየለቀመ።

ሰደቃው አማረ። የክንድ ያህል ቻምቦ ካየ ዘመን ያለፈው እንግዳ ሁሉ ሳህኑ ላይ አፈጠጠ። ከማዶ የመጣው ባለብዙ ጀልባው ጃፋሊ አጥንቱን እየጋጠ «ቼ ብዋናሊ፣ ይህ ደግሞ ከሰማይ ወረደልዎት?» አለ።

«ከእኛው ሸምበቆ ነው!» አለች አወቱ በኩራት። «አጎቴ ያሳደጋቸው ናቸው!»

ሰው ሁሉ መረቀው። ብዋናሊ ግን ሳህኑን ትቶ የጃፋሊን ዓይን ይከታተል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሸምበቆው በጀልባ ተሞላ። ብዋናሊ እየቀዘፈ መሀላቸው ገባ። «ወንድሞቼ፣ አንድ ዝናብ! አንድ ዝናብ ብቻ ታገሱኝ!»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እነሱ ግን በአክብሮት ሰላምታ ሰጡት።

«አላህ ለእህትዎ ይዘንላት» አለ ጃፋሊ መረቡን እየጎተተ። «ሰደቃ ማለት እንደዚያ ነው!»

«ውጣልኝ ጃፋሊ!»

«ኧረ ቼ ብዋናሊ! የሚወልደው የእርስዎ መንደር ብቻ ነው እንዴ? የእኔስ ልጆች ምን ይብሉ?» በዙሪያው ያሉት ሳቁ። «እኔ ብወጣ ያኛው ይገባል። ያኛው ቢወጣ ደግሞ የራስዎ ሰዎች አሉ፤ እስቲ ዞር ይበሉ።»

ዞር አለ። አብረውት የማሉት ጎረቤቶቹ ዳር ዳሩን ይዘዋል። አወቱም እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ አጎበር ትጎትታለች። ስታየው አንገቷን ደፋች፤ አጎበሩን ግን አልለቀቀችም።

«አንቺም?» አላት።

«ሊጨርሱት አይደል፣ አጎቴ? እኔ ብተወው ለማን ይተርፋል? ለልጆቼ ድርሻቸውን ልያዝ እንጂ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣውም ከዳው። እውነቷን ነው፤ አንጀቱን የቆረጠውም ይኸው እውነቷ ነው።

ጃፋሊ አዘነለት መሰለኝ፣ ከመረቡ አንዲት ትልቅ ቻምቦ መዝዞ ጀልባው ውስጥ ወረወረለት። «ለራትዎ ትሁን።»

ጉንጯ ተነፍቶ ነበር። ብዋናሊ አፈፍ አድርጎ ውኃ ውስጥ ነከራት፤ መረቡ ውስጥ ቆይታለችና ነጩ ሆዷ ወደ ላይ ተገለበጠ። ከአፏ ጥቃቅን ልጆቿ ፈሰሱ። ጥቂት ዞር ዞር አሉና፣ እንደ ልማዳቸው ሊገቡ ተመለሱ። አፏ ተዘግቷል። በከንፈሯ ላይ እየተጋፉ አንኳኩ።

ሽማግሌው በጀልባው ጠርዝ ተደፍቶ፣ በሁለት ጣቱ የሞተችውን እናት አፍ ከፈተላቸው። ተሽቀዳድመው ገቡ። ጣቱን ቢያወጣ አፏ ይዘጋባቸዋል፤ ቢያስወጣቸው የሚበላቸው ብዙ ነው። ከኋላው ሌላ መረብ ውኃውን መታ። ብዋናሊ እጁን ሳያነሳ፣ ቀጥሎ የሚያደርገውን ሳያውቅ፣ እንደተደፋ ቀረ።